መንዳቱን ተዉት፣ መጫኑን ተማሩ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ወደ ትራክ ሥራ ለመግባት ለሚያስቡ ወገኖች ያደረግኩት ንግግር ነው። ሳወራ ያንዛዛሁትን ቆረጥ ቆረጥ አድርጌዋለሁ። የቀረው እንደወረደ ነው።

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ፣ በዚህ ከተማ፣ ሠርግም ልደትም ክርስትናም ያልተጠራ ይሄን ያህል ሰው መገኘቱ ራሱ ተአምር ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሮጌ ጎማና ማሰሪያ እያያችሁ እርስ በርስ ስትተያዩ አይቻለሁ። አዘጋጆቹም «ስላይድ የለህም ወይ?» ብለውኝ ነበር። የለኝም። ጎማውን ከአንድ ጋራዥ ለምኜ ነው ያመጣሁት። ማሰሪያው የራሴ ነው፣ ስትራፕ የምንለው። መጨረሻ ላይ ታስሩልኛላችሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስለ ካር ሆሊንግ፣ መኪና በትራክ ጭኖ ስለማጓጓዝ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ካር ሆሊንግ ይሻላል ይባላል፤ ግን ልምድ ከሌለህ አይቀጥሩህም። ካልቀጠሩህ ደግሞ ልምዱን ከየት ታመጣዋለህ?» እውነት ነው። ማስታወቂያዎቹን ስታነቡ ብዙዎቹ ልምድ ይጠይቃሉ። እኔም ስጀምር ስልክ የዘጉብኝን ቆጥሬ አልጨርስም። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ልምድ የሚለውን ቃል እኛና እነሱ ለየቅል እንደምንሰማው ነው። ልምድ ሲሉን እኛ የሚታየን ማይል ነው፣ ስንት ማይል ነዳህ። እነሱን የሚያስፈራቸው ግን መንገዱ አይደለም። የሚያስፈራቸው ግቢ ውስጥ፣ ትራኩ ቆሞ የምትሠሩት ሥራ ነው።

ሃይዌይ ላይ ስምንት ዘጠኝ መኪና በሁለት ፎቅ አዝሎ የሚያልፈውን ትራክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ መኪና ጋቢናው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሌላው ታች ሆድ ውስጥ ተወሽቆ። እነዚያን መኪኖች ክሬን አላወጣቸውም። ሹፌሩ ራሱ፣ አንድ በአንድ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ከጎማው ብዙም በማይሰፉ ሁለት የብረት መንገዶች ላይ እየነዳ ነው ያወጣቸው፤ አንዳንዱንማ በኋላ ማርሽ። ከዚያ ከበሩ በጠባቡ ሾልኮ ይወጣል፣ በሩን ከብረቱ ጋር ሳያጋጭ፣ እሱም ሳይወድቅ። ዘጠኝ ጊዜ። ሲደርስ ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ በተገላቢጦሽ።

መንዳቱ ትራክ መንዳት ነው። ትለምዱታላችሁ።

እኔ አገር ቤት እያለሁ በጅቡቲ መስመር ኤንትሬ በምንለው የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። እዚህ ያደጉት ልጆች ረዳት ሲባል ላይገባችሁ ይችላል። ረዳት መሪ የማይነካ ሰው ነው። ሸራ ይወጥራል፣ ገመድ ያስራል፣ ዳገት ላይ እየሮጠ ታኮ ይወረውራል፣ ጎማ ይፈታል፣ ሚሌ ላይ ሻይ ያመላልሳል፣ ስድብ ይጠጣል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከከረመ በኋላ መሪ የጨበጠ ቀን መንገዱን ብቻ ሳይሆን ጭነቱንም ያውቀዋል። ገመዱ ሲላላ ድምፁን ይሰማል። እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የደነቀኝ ይሄ ነው፣ አሜሪካ ረዳት የለም። ትምህርት ቤት ገብተህ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን፣ ይዘህ ትወጣለህ፣ ጭነት ምን እንደሆነ ግን እጅህ አያውቀውም። አንድ ወዳጅህን «እስቲ አንድ ሳምንት አብሬህ ልሂድ፣ ልይ» ብትለው እንኳ እንደ አገር ቤት ዘሎ ጋቢና መግባት የለም። የፌዴራሉ ሕግ ድርጅቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ ሰው ማሳፈር ይከለክላል፣ ኢንሹራንሱ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ልምድ ሲሏችሁ የሚጠይቋችሁ በሌላ አነጋገር «ረዳት ሆነህ ታውቃለህ ወይ?» ነው።

የመጀመሪያ ጭነቴን ልንገራችሁ። የሚያሠለጥነኝ ሰው ከኬንታኪ የመጣ ሽማግሌ ነበር፣ ነገር የማያበዛ። ዘጠኙን መኪና አሳየኝና «ጫን» አለኝ። እሱ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። እኔ እንደ ልጅ ጨዋታ ከፊት ካገኘሁት ጀመርኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ትልቁ ኤስዩቪ የሚገባበት ቦታ የለም። ሁሉንም አወረድኩ። እንደገና ጫንኩ። አሁን ደግሞ ነገ መጀመሪያ የሚራገፈው መኪና ከሌሎቹ ኋላ ተቀርቅሯል። አወረድኩ። አምስት ሰዓት ሙሉ አለፈ። ሽማግሌው ሳንድዊቹን በልቶ ጨርሷል። በመጨረሻ ተነሳና ወረቀት ሰጠኝ። «መጀመሪያ እዚህ ላይ ጫን» አለኝ። ያቺን ወረቀት ከዚያ ወዲህ ለቅቄያት አላውቅም፤ ዛሬም መኪና ከመንካቴ በፊት በእርሳስ እሥላለሁ።

እዚያ ወረቀት ላይ ምንድን ነው የሚሣለው? መጀመሪያ የሚወርደው መጨረሻ ይጫናል፣ ይሄ ግልጽ ነው። ከዚያ ቁመት አለ። ምሥራቁ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ግዛቶች የሚፈቅዱት 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፣ 4 ሜትር ከምናምን። ላይኛው ፎቅ ላይ ኤስዩቪ ካስቀመጥክ ሃይድሮሊኩን ዝቅ፣ መድረኩን ዘንበል አድርገህ ጣሪያውን ማጎንበስ አለብህ፤ ያን ስታደርግ ደግሞ የታችኛው መኪና ጣሪያ ሊነካ ነው። በመካከላቸው የሚተርፈው አንዳንዴ አራት ጣት ነው። መንገድ ላይ ደግሞ መኪኖቹ ስፕሪንግ ስላላቸው ይዘላሉ፣ አራት ጣቱ ሁለት ይሆናል። ቁመቱን በዓይን ሳይሆን በዘንግ ነው የምትለኩት፣ በየጭነቱ፣ ትናንት ብትለኩም።

ከዚያ ክብደት። 80,000 ፓውንድ የሚባለው ጣሪያ የትራኩን የራሱን ክብደት ጨምሮ ነው፣ ግማሽ ያህሉን ባዶው ትራክ በልቶታል። ጥንዶቹ አክስሎች ላይ ደግሞ ከ34,000 ማለፍ የለበትም። ድሮ ይሄ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። አንድ ኮሮላ 3,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። የሪቪያን ፒክአፕ 7,000 ገደማ። ኤሌክትሪኩ ሃመር 9,000፤ ሦስት ኮሮላ በአንድ ቆዳ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጭነት ሲመጣ ዘጠኝ ቦታ ኖሮህ ስድስት ጭነህ ትሄዳለህ፣ ካልገባህ ሚዛን ጣቢያው ያስገባሃል።

ስለማሰር። ሕጉ ለቀላል መኪና ቢያንስ ሁለት ማሰሪያ ይላል፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ። ሥራው ላይ ያሉት ድርጅቶች ግን አብዛኞቹ አራቱንም ጎማ እሰር ይሏችኋል፣ እነሱ ልክ ናቸው። ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው ባለ 2 ኢንች ስትራፕ ላዩ ላይ 3,333 ፓውንድ የሚል ጽሑፍ አለው። የሚችለው ክብደት ነው። ጽሑፉ ከተፋቀ ወይም ጠርዙ ከተበላ ጣሉት፣ አታዝኑለት። አስራችሁ ከወጣችሁ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆማችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ በየ150 ማይሉ ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ወይም የሥራ ሁኔታችሁ (ከመንዳት ወደ ሌላ ሥራ ወይም ዕረፍት) በተቀየረ ቁጥር፣ ከሦስቱ የቀደመው። ይሄ የፌዴራል ሕግ ነው። እናቶቻችን ደግሞ ሕጉ ሳይወጣ በፊት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለውናል። እኔ ይሄን ተረት ሙሉ በሙሉ የገባኝ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በረዶ ላይ ቆሜ የላላ ስትራፕ ሳጠብቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሲነገር ትንሽ ነገር ይመስላል። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና ስትጭኑ ቀበቶ ላይ ብረት፣ ቀለበት፣ ሰዓት፣ ኪስ ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ አይፈቀድም። ቀለም ይጭራል። እኔ ቀለበቴን ሰኞ አውልቄ ዓርብ ነው የማደርገው። ባለቤቴ እስክትለምደው ድረስ ቤት ውስጥ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፓርኪንግ የሠራችሁ፣ ወይም አሁን የምትሠሩ እጃችሁን አውጡ እስቲ።

(ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ።)

አያችሁ። «ልምድ የለኝም» ትሉኛላችሁ። በዋሽንግተን ፓርኪንግ ጋራዦች አማርኛ ያልተነገረበት ምድር ቤት ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። አንድ ቫሌት፣ የሰው መኪና ተረክቦ የሚያቆም፣ በቀን ስንት ዓይነት መኪና ይነዳል? በቁልፍ የሚነሳ፣ በጣት የሚነሳ፣ ማርሹ መሪው ላይ ያለ፣ የእጅ ፍሬኑ የትም የማይገኝ። ግድግዳና ኮለን መካከል በኋላ ማርሽ ገብቶ፣ በጠባብ በር ሾልኮ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁልፉን ከባለቤቱ ከመረከቡ በፊት ዞር ብሎ መኪናውን ያያል፤ ፓራፋንጎው ላይ ጭረት አለ፣ ስፖኪዮው ተሰንጥቋል፣ ትኬቱ ላይ ምልክት። ይሄ እኮ ካር ሆሊንግ ነው! እሱን ብቻ ከፍታ ላይ አድርጉት።

ይሄን ምርመራ ንቃችሁ እንዳትገቡ። መኪና ስትረከቡ ጉዳቱ ሁሉ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል። የፋብሪካ መኪና ላይ 5 አሃዝ ያለው ኮድ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የትኛው አካል እንደሆነ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሆነ፣ የመጨረሻው መጠኑን ይናገራል። ከፈረማችሁ በኋላ የሚገኝ ጭረት የእናንተ ነው። አለቀ። እኔ አንድ ጊዜ በዝናብ ማታ አንድ ጥቁር ሌክሰስ ተረከብኩ። እርጥብ ጥቁር መኪና ላይ ጭረት አይታይም። ጨርቅ ይዤ መጥረግ ነበረብኝ፣ ደከመኝና ተውኩት። ጠዋት ላይ ደርቆ ሳየው ከኋላ ባምፐሩ ላይ የእጅ ስፋት የሚያህል ጭረት። ለምሠራበት ድርጅት ብነግረው «ፊርማህ ነው» አለኝ። ልክ ነበረ። የአንድ ሳምንት ተኩል ደሞዜ እዚያ ባምፐር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋቢናዬ ውስጥ ፎጣ አይጠፋም።

መንጃ ፈቃዱን ቶሎ ልለፈው፣ ትምህርት ቤቱ ይነግራችኋል። ክላስ ኤ ሲዲኤል፣ ከባድ ተሳቢ የሚያስነዳው፣ ነው የሚያስፈልገው። ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ያለ አሠልጣኝ ዘንድ ሳትማሩ የመንዳት ፈተና መቀመጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ መዝገቡ ላይ መኖሩን እዩ። ፐርሚት፣ የመለማመጃ ፈቃዱን፣ ከያዛችሁ ቢያንስ 14 ቀን መጠበቅ አለ። ከግዛት ወደ ግዛት ለመሄድ 21 ዓመት። የጤና ካርድ። የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ። እዚህ ላይ ላስምርበት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ማሪዋና ተፈቀደ ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ሲዲኤል የፌዴራል ነው፣ ለእሱ አልተፈቀደም፣ አንዴ ምርመራውን ወድቃችሁ የፌዴራሉ የዕፅ መዝገብ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ የሚቀጥረው ድርጅት ሁሉ ያየዋል። ጫትም እንደዚያው። አገር ቤት የመስመር ሹፌር ያለ ጫት አይነዳም ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። እዚህ አገር ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከከባዶቹ ዕፆች ተርታ ነው የተመደበው። ጋቢና ውስጥ መገኘቱ ብቻ መንጃ ፈቃዳችሁን ሊበላ ይችላል።

እንግሊዝኛውን ግን ቶሎ አላልፈውም። ሹፌር እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር አለበት የሚለው ሕግ የቆየ ነው፣ ዓመታት ግን በላላ እጅ ነበር የሚያዝ። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ አስቁሞ በእንግሊዝኛ ያነጋግራችኋል፣ የመንገድ ምልክት ያሳያችኋል፤ ካልተግባባችሁ እዚያው ከሥራ ውጭ ያደርጋችኋል። የስልክ ትርጉም አይፈቀድም። ልጅን ደውሎ ማስተርጎምም አይፈቀድም። ትራኩ እዚያው ይቀራል። ይሄ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለውን ቡና ላይ እናውራው፤ ዛሬ የምላችሁ ተለማመዱ ነው። ቃላቱ እኮ ብዙ አይደሉም። «ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ የሥራ ሰዓት ማስታወሻህን አሳየኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አረፍክ።» በየምሽቱ ከልጆቻችሁ ጋር ተጫወቱት። ልጄ ፖሊስ ሆኖ ሲያስቆመኝ እንዴት እንደሚደሰት! ወረቀታችሁ የሥራ ፈቃድ ብቻ የሆነ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ በሲዲኤሉ ላይ ብዙ ነገር ተነካክቷል፣ ፍርድ ቤትም ገብቷል። ለትምህርት ቤት ሳትከፍሉ በፊት መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ (ኤምቪኤ ወይ ዲኤምቪ) ሄዳችሁ በራሳችሁ ወረቀት ጠይቁ። የጎረቤት ወረቀት የእናንተ አይደለም።

እሺ፣ በሩ የቱ ጋ ነው? እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። በቀጥታ ባለ ዘጠኙ ትራክ ላይ የሚወስዳችሁ ጥቂት ነው፤ ካገኛችሁ ሂዱ፣ በሥልጠናው ጊዜ ደሞዙ ቢያንስም። ያላገኛችሁ ግን በጎን በር ግቡ። የመኪና ጨረታ ግቢ ውስጥ መኪና የሚያመላልስ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። ማንሃይም ፔንሲልቬኒያ ላይ ያለው ግቢ ከዚህ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከ1945 ጀምሮ የቆመ የዓለም ትልቁ የመኪና ጨረታ ነው። እዚያ ሲዲኤል አትጠየቁም። ግን ቀኑን ሙሉ የሚጭኑ ሰዎች አጠገብ ናችሁ። እዩ። ውኃ አቀብሉ። ስትራፕ ጠቅልሉላቸው። ይሄ ነው ረዳትነት፣ ስሙ ቢቀየርም። ወይም ቶ ትራክ ሥሩ፤ ባለ ጠፍጣፋው፣ የተበላሸ መኪና የሚያነሳው። ከአንድ ዓመት ቶ ትራክ የወጣ ሰው ዊንች ያውቃል፣ ማሰር ያውቃል፣ ሞተሩ የማይነሳ መኪና አያስደነግጠውም። በጎን ሲዲኤሉን አውጡ፣ አንድ ዓመት ተራ ሳጥን፣ ዝጉን ተሳቢ፣ ጎትቱ። ከዚያ ስትደውሉ ስልክ አይዘጉባችሁም።

ወደ ወደብ የምትገቡ ትዊክ የሚባለውን መታወቂያ ቶሎ ጀምሩ፣ ለአምስት ዓመት ነው የሚሰጠው። የባልቲሞር ወደብ ከዚህ ቤታችን ነው፤ በ2023 ብቻ 847,000 መኪናና ቀላል የጭነት መኪና አልፎበታል። ማርች 26 ቀን 2024 ሌሊት ዳሊ የተባለችው መርከብ የኪይ ድልድይን መትታ ስትጥለው ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ድልድዩ ላይ ጉድጓድ ሲደፍኑ የነበሩ ስደተኞች ናቸው፣ እንደኛ ሌሊት የሚሠሩ። ነፍሳቸውን ይማር። ቦዩ ተዘግቶ እስከ ጁን ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፤ መኪና የጫኑ መርከቦች ወደ ሌላ ወደብ ዞሩ፣ እኛም ተከትለናቸው ጆርጂያ ብራንዝዊክ ድረስ ወረድን። ያኔ ነው የገባኝ፣ ይሄ ሥራ እቤቴ አጠገብ ነው ብሎ መተኛት እንደሌለ። ጃክ ኩፐር የሚባለው ድርጅት ከ1928 ጀምሮ መኪና ሲጭን የኖረ ነው፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ከፎርድና ከጂኤም ጋር የነበረው ሥራ ሲቋረጥ ዘጋ። ሠላሳ ዓመት የነዱ ሰዎች ከእኔ ጋር ሥራ ሲፈልጉ ነበር።

አሁን ወደማትወዱት ወሬ። ዕቁብ።

ዕቁብ ሲወጣላችሁ የመጀመሪያው ሐሳብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ባለ አራት የኋላ ጎማ ፒክአፕ፣ ሦስት መኪና የሚጭን ተሳቢ፣ የራስ አለቃ። ጠቅላላ ክብደቱ ከ26,001 ፓውንድ በታች ከሆነ ደግሞ ሲዲኤል እንኳ አያስፈልግም፣ ይሄ እውነት ነው። ያልተነገራችሁ ቀሪው ነው። 10,001 ከደረሰ እና ከግዛት ግዛት ከሄዳችሁ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የዶት ቁጥርም፣ የጤና ካርዱም፣ የሰዓት ማስታወሻውም ያስፈልጋል። የራስ ፈቃድ ለማውጣት 300 ዶላር ነው፣ እሱ ቀላል ነው። ሕጉ የሚጠይቀው የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ግን 750,000 ዶላር ነው፣ በዚያ ላይ ጭነት የሚያገናኙት ብሮከሮች የጭነት ኢንሹራንስ ካላሳየህ ሥራ አይሰጡህም። አዲስ ፈቃድ፣ ልምድ የሌለው ሹፌር፤ ኢንሹራንሱ ይሄን ሲያይ የሚጠራው ዋጋ ያስለቅሳል። አንድ የማውቀው ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ፣ የዕቁቡን ብር አውጥቶ ፒክአፕና ተሳቢ ገዛ። በሁለተኛው ወር አንዲት መኪና ከተሳቢው ላይ በኋላ ማርሽ ሲያወርድ የፊት ከንፈሯን መወጣጫው ላይ ገነጠለው። እንጨት ቢያደርግ ኖሮ አይነካም ነበር፤ ዝቅ ላለ መኪና ሁለት ሳንቃ ታነጥፋላችሁ፣ መወጣጫው ይለዝባል። ማን ይንገረው? ረዳት ሆኖ አያውቅም። ኢንሹራንሱ የመጀመሪያውን ብር አንተ ክፈል አለው፣ በዓመቱ ዋጋው ጨመረ፣ ዕቁቡ ደግሞ ገና አስራ አንድ ወር ይከፈላል። ፒክአፑን ሸጦ አሁን በሊፍት መተግበሪያ ታክሲ ይሠራል። እኔ የራስ አትያዙ አልልም። በሰው ትራክ ላይ ተሳሳቱ፣ ከዚያ የራሳችሁን ግዙ ነው የምለው።

ጥያቄ ካለ።

አንድ ጋሼ ከኋላ ተነሱና «ልጄ፣ እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ ይሄ ነገር ለእኔ ይሆናል?» አሉኝ። ጋሼ፣ መንዳቱ ይሆናል። የጤና ካርዱን ካለፉ ማንም አይከለክልዎትም። ላይኛው ፎቅ ግን ጉልበት ይፈልጋል። በዚህ ሥራ ሰው በግጭት ብቻ ሳይሆን በመውደቅም ይጎዳል፤ ብረቱ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፣ በረዶ ሲነካው አይነገርም። ጉልበትዎ መሰላል ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሳጥን ይጎትቱ፣ ያው ክላስ ኤ ነው።

«ሰዓቱስ? ቤት ይገባል?» ብላ የጠየቀች እህት ነበረች። ወደብና ባቡር ጣቢያ ላይ የሚሠራ በየቀኑ ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ ፍሎሪዳ የሚመላለሰው በሳምንት አንዴ ከገባ ዕድለኛ ነው። ሰዓቱን ግን በትክክል አስሉት። በቀን መንዳት የሚፈቀደው 11 ሰዓት ነው፣ እሱም ሥራ ከጀመራችሁ በ14 ሰዓት ውስጥ። ጭነት እንደ ሥራ ይቆጠራል። እንደ እኔ የመጀመሪያ ቀን አምስት ሰዓት ብትጭኑ 14ቱ 9 ሆኗል። ቶሎ መጫን የተማረ ሰው ብዙ የሚያገኘው ለዚህ ነው፣ በፍጥነት ስለነዳ አይደለም።

አንድ ወጣት ደግሞ «ጂፒኤስ አለ አይደል፣ መንገዱ ምን ያስቸግራል?» አለኝ። ወንድሜ፣ የስልክህ ጂፒኤስ ከባልቲሞር ወደ ዋሽንግተን በቢደብሊው ፓርክዌይ ይወስድሃል። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ክፍሉ ለትራክ ክልክል ነው። በ95 ሃይዌይ ነው የምትሄደው። ስልክህ ስለ ዛፍም አያውቅም። ሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ የላይኛውን መኪና ኮፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጭረዋል። እኔ ሰፈር ውስጥ አልገባም፤ ደውዬ «እባክዎ እገሌ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ላይ እንገናኝ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል፣ በትሕትና ከተጠየቀ።

በሉ፣ ጎማው። ማን ይምጣ?

ያቺው ስለ ሰዓቱ የጠየቀችው እህት መጣች። ኬ ስትሪት ላይ ፓርኪንግ ትሠራለች። ስትራፑን ሰጠኋትና በጎማው ላይ እንዴት እንደሚያልፍ፣ መንጠቆው ወዴት እንደሚዞር አሳየኋት። ተቀበለችኝ፣ ግን አላሰረችም። ስትራፑን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጎማውን በሁለት እጇ አዞረችው፣ አንድ ዙር፣ ከዚያ ቀስ ብላ ሌላ ዙር። ቆመች።

«ይሄ ጎኑ ተቆርጧል» አለችኝ። «ከእኔ በፊት የነበረ ነው፣ ይመዝገብልኝ።»

አየሁት። እውነቷን ነው። ሦስት ቀን ከመኪናዬ ኋላ ይዤው ስዞር አላየሁትም።